ስንቅ ይዞ ሚኪ ማውስ ቤት

ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ካሉት ትርኢቶች ሁሉ እኔ የምወደው ቲኬት የማይቆረጥበትን ነው፤ የበሩን ፍተሻ። ሰው ቦርሳው ሲከፈት ቤቱ አብሮ ይከፈታል። አንዱ አባት ከጀርባ ቦርሳው ሙሉ ዳቦና የኦቾሎኒ ቅቤ ያወጣል። ከኋላው ያለችው እናት በክዳን ዕቃ ሩዝና ባቄላ ይዛለች። ቀጥለው የቆሙት ሕንዳውያን በፎይል የተጠቀለለ ቂጣ አላቸው፤ አጠቃለሉ የተካነ እጅ ሥራ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ፈታሹ በምንም አይገረምም። ገፋ ገፋ አድርጎ ያይና “መልካም ቀን” ብሎ ያሳልፋል።

አሜሪካ ባለን ሐበሾች ዘንድ ግን፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በሉት አትላንታ፣ “ምግብ አያስገቡም” የሚለው ወሬ ሥር ሰዷል። ከሲኒማ ቤት የተቀዳ ልማድ ይመስለኛል። የፓርኩ ደንብ ግን ተጽፎ የተቀመጠ ነው፦ ለራስህ የሚሆን ምግብና አልኮል የሌለው መጠጥ ይዘህ ትገባለህ። ምግቡ ማሞቂያ የማይፈልግ፣ ዕቃው ብርጭቆ ያልሆነ ይሁን እንጂ። ለሕፃናት ምግብ ከሆነ ትንሿ የብርጭቆ ማሰሮም ትታለፋለች። ኩለሩ 24 በ15 በ18 ኢንች እስከሆነ ድረስ ይገባል። በውስጡ ግን ልቅ በረዶ አይፈቀድም፤ ፍሪዘር ውስጥ የሚቀዘቅዘው ጥቅል ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ሕጉ ይኸው ነው። ይህን ሳያውቁ ባዶ እጃቸውን ገብተው፣ ሲወጡ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ወገኖቻችንን ቁጥር እግዜር ይቁጠረው።

የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ ጊዜ፣ በዚያው በር ላይ የቆሎ ቋጠሯቸው ተፈታ። ፈታሹ ወጣት ሰው ነው፤ ገብሱንና ሽምብራውን ጎንበስ ብሎ ሲመረምር እሳቸው ወደኔ ዞሩና፣

“ቅመስ በሉት እንጂ! ምን አቁሞ ያሳየዋል?” አሉኝ።

“እማማ፣ በሥራ ላይ ናቸው፤ አይቀምሱም።”

ደግመው በእጃቸው ዘገን አድርገው ዘረጉለት። ልጁ ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለ። “ይሁን፤ ሰዓቱ አልደረሰለት ይሆናል” ብለው ቋጠሩት። የሁዳዴ ጾም ነበር፤ እማማ በዓለም ላይ የማይጾም ሰው መኖሩን በቀላሉ አይቀበሉም።

ሁዳዴን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የፀደይ ዕረፍት የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ የእኛ የ55 ቀን ጾምም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ በአይ-95 አውራ ጎዳና ቁልቁል የሚወርደው ሐበሻ ቤተሰብ መኪናው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሆድ ይዞ ነው የሚጓዘው። ከኋላ ወንበር ናጌት የሚል ሆድ አለ። ከፊት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠብቅ ሆድ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለማስታረቅ የሚወጣው ገንዘብ ነው የሚያስደነግጠው።

ገንዘቡን እንየው። ዲዝኒ ወርልድ በ1971 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ነበር፤ መጫወቻዎቹ ለብቻ ይከፈልባቸው ነበር። ዛሬ እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ የአንድ ሰው የአንድ ቀን መግቢያ ከመቶ ዶላር በላይ ይነሳና በበዓል ሰሞን ሁለት መቶ ገደማ ይደርሳል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በነፃ ይገባል፤ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ እንደ አዋቂ ይከፍላል። አምስት ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ገና ምንም ሳይቀምስ የአንድ ሰው አውሮፕላን ቲኬት የሚያህል ገንዘብ በር ላይ ጥሎ ገብቷል ማለት ነው። እንግዲህ ያ ቤተሰብ ውስጥ ከገባ በኋላ የምትነገር አንዲት ሐረግ አለች፤ ከመግቢያው የበለጠ የምታስወጣው እሷ ናት፦ “ከመጣን አይቀር።” ከመጣን አይቀር የሚኪ ቅርጽ ያለውን ብስኩት፣ ከመጣን አይቀር የቱርክ ጭኑን፣ ከመጣን አይቀር ልዕልቷ አጠገብ የሚበላውን ቁርስ።

በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ገበታ ለአንድ አዋቂ ከ60 ዶላር በላይ ነው። በዚያ ላይ ፓርኮቹ ያሉበት ኦሬንጅ ካውንቲ 6.5 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለ፤ በታክሱ ላይ የአስተናጋጁ ቲፕ አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ከሱፐርማርኬት የምትገዛው ሙዝና ዳቦ ግን የሽያጭ ታክስ የለበትም። ግዛቱ ራሱ ገብተህ ከመብላት ገዝተህ መያዝ እንደሚሻል በሕግ እየመከረህ ነው።

እኔ በፓርክ ውስጥ ሁለት ረኀብ አለ እላለሁ፤ የሆድና የዓይን። የሆድ ረኀብ በማንኛውም ነገር ይጠፋል፤ በሙዝም፣ በበሶም፣ በትናንት ዳቦም። የዓይን ረኀብ ግን ከዚያው ቦታ የሚገኘውን ነገር ካልበላ አይጠፋም፤ ልጅህ ጆሮ ያለውን አይስክሬም አይታ በሙዝ አትሸነገልም። ኪሳራ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። የራበው ልጅ ሱቅ ፊት ሲቆም ሁለቱም በአንድ አፍ ይጮኻሉ፤ አባትም ለሆድ በዓይን ዋጋ ይከፍላል። ሆዱ አስቀድሞ ከጠገበ ግን ዓይኑን በአንድ ነገር ታስደስተዋለህ፤ ያውም ልጁ ራሱ መርጦ።

እዚያ ያሉት ሰዎች ይህን ከእኔ ይበልጥ አሳምረው ያውቃሉ። ስሜሊትዘር የሚሉት ሽታ የሚረጭ መሣሪያ አላቸው። ኤፕኮት በተባለው ፓርክ፣ ስፔስሺፕ ኧርዝ ውስጥ ሮም ስትቃጠል ጭሱ ይሸትሃል፤ በቀድሞው ሶሪን ላይ ተቀምጠህ በአየር ስታልፍ ደግሞ ብርቱካን ይሸትህ ነበር። መሣሪያው ስለሚረጨው ነው እንግዲህ። ለፈንዲሻው ግን መሣሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ከጋሪው የሚነሳው ሽታ ብቻውን አንድ ቤተሰብ ከሰልፉ ጎትቶ ያወጣል።

ጥማቱ ደግሞ የቆየ ታሪክ አለው። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ ሐምሌ ወር 1955 ሲከፈት ቀኑ እሳት የሆነ ሐሩር ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለነበሩ ዋልት ዲዝኒ መጸዳጃ ቤቶቹና የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎቹ ሁለቱም ሊደርሱለት አልቻሉም፤ መጸዳጃውን መረጠ። ጋዜጦቹ በማግስቱ “ለስላሳ ለመሸጥ ብሎ ነው” አሉት። ምግቡም በዚያው ቀን አለቀ። ለእኔ ምርጫው ትክክል ነበር፤ የተጠማ ሰው ይታገሣል፣ ሌላው ግን ትዕግሥት አያውቅም። ዛሬ ኦርላንዶ ለስላሳ ከማሽን የሚቀዳበት የምግብ መደብር ሁሉ በረዶ ያለበት ውሃ በኩባያ ለጠየቀ በነፃ ይሰጣል። ምንም መግዛት የለብህም። ወገን ግን ይሉኝታ ይዞት ነፃውን ሊጠይቅ ያፍርና የታሸገውን በአራት ዶላር ገደማ ይገዛል፤ በአምስት ሰው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሲባዛ ይሉኝታችን ስንት እንደሚያወጣ አስሉት። የፍሎሪዳ የቧንቧ ውሃ ድኝ ድኝ የሚል ጣዕም አለው፤ ሎሚ ቆርጦ መያዝ ይፈውሰዋል።

ዲዝኒ ቤትና ስንቅ ስል አንድ ወሬ ትዝ አለኝ። በዚያው በ1955 በካሊፎርኒያው ፓርክ ውስጥ ካሳ ደ ፍሪቶስ የተባለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ነበር። የቆየ ቶርቲያ ይጣል ነበርና አንድ አቅራቢ “ለምን ቆራርጣችሁ አትጠብሱትም?” አላቸው ይባላል። ጠበሱት፤ ሰዉ ተሻማበት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ኩባንያ ኋላ ዶሪቶስ ብሎ በ1966 በመላ አሜሪካ አሠራጨው። ያደረ እንጀራ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግን እናቶቻችን ለማንም ሳያስመዘግቡ ሲያደርጉት ኖሩ፤ እነዚያ ግን ቢሊዮን ዶላር አወጡበት። የኛዋ ድርቆሽ ደግሞ ለፓርክ ከዶሪቶስ ትሻላለች፤ በቦርሳ ውስጥ ተፈርፍራ ብትደቅ እንኳ ጣዕሟ አይለወጥም።

በየአገሩ ግን በር ላይ እንዲህ አይሳቅልህም። የቶኪዮው ዲዝኒ የምሳ ዕቃ ይዞ መግባት ይከለክላል፤ ከበሩ ውጭ የሽርሽር ቦታ አዘጋጅቶልሃል፤ እዚያ በልተህ ትመለሳለህ። የፓሪሱም ውስጥ ገብቶ ምሳ መዘርጋት አይፈቅድም። እዚያው ኦርላንዶ ዩኒቨርሳል የሚባለው ጎረቤቱ ውሃና ትንንሽ መክሰስ ያሳልፋል፤ ምሳ ተሸክሞ ለሚመጣው ግን በሩ ጠባብ ነው። የሻንጋዩ ነገር ሸንጎ ድረስ ሄዷል። በ2019 አንዲት የሕግ ተማሪ ይዛ የሄደችውን መክሰስ አላስገባም ሲሏት ከሰሰቻቸው፤ በአሜሪካ የተፈቀደው በቻይና ለምን ይከለከላል ነው ነገሩ። ጉዳዩ በ50 ዩዋን ካሣ በስምምነት አለቀና ፓርኩ ደንቡን አላላ፤ የሚሞቅ ምግብና ሽታው ከሩቅ የሚጣራ እንደ ዱሪያን ያለ ፍሬ ግን እንደተከለከለ ቀረ። ሽሮአችን ከዱሪያን ወገን ትቆጠር ይሆን? ሻንጋይ የሚሄድ ሐበሻ ይጠይቅልን።

ኦርላንዶ ሽሮ ይገባል። ሲገባ ግን እንዴት እንደሚገባ ማወቅ ያሻል። ወጥ በሰሃን ፈሶ በእጅ የሚታፈስበት ቦታ አይደለም፤ ቧንቧው ሩቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ልጁ ነጭ ቲሸርት የለበሰ ነው። የሚያዋጣው ጥቅል ነው። እንጀራዋን ወፈር ባለ ሽሮ ወይም በድንች ቀብቶ፣ ጠቅልሎ፣ ለሁለት ቆርጦ በፎይል። ቲማቲም ፍትፍት በክዳን ዕቃ ቀዝቅዞ ይጣፍጣል፤ በሶ ደግሞ በነፃው የበረዶ ውሃ ሲበጠበጥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ያነሳል። ጾም ካልሆነ ጭኮ። ሠራዊት ለዘመቻ ይዞት የወጣው ስንቅ ሦስት ልጅ ይዞ ለሚዞር አባት አያንስም፤ ሰልፉም ቢሆን ዘመቻ ነው። ዶሮ ወጥ ግን ቤት ይቅር። በፍሎሪዳ ፀሐይ የዋለ ዶሮ ከእነ እንቁላሉ ሐኪም ቤት ያደርሳል።

ይህን ለማዘጋጀት ጓዳ ያስፈልጋል። ማደሪያ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚያየው መዋኛውን ነው፤ እኔ ምድጃውን ነው የማየው። በኪሲሚ፣ በ192 አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ሙሉ ጓዳ ያላቸው ማደሪያዎችና ቤቶች ሞልተዋል፤ ቁርስ አብረው የሚሰጡ ሆቴሎችም አሉ። ዲዝኒ ግቢ ውስጥ ያሉት ተራ ክፍሎች ትንሽ ፍሪጅ አላቸው እንጂ አብዛኞቹ ማይክሮዌቭ የላቸውም። ገበያው ቅርብ ነው። ፐብሊክስ የፍሎሪዳ ልጅ ነው፤ በ1930 ዊንተር ሄቨን ከተማ የተጀመረ። ኮስትኮ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ በ4 ዶላር ከ99 ሙሉ ጥብስ ዶሮ ይዞ ይወጣል፤ ሆት ዶጉና ለስላሳው ከ1985 ጀምሮ 1 ዶላር ከ50 ነው፣ ንቅንቅ አላለም። በዚያች በኦርላንዶ ዋጋው የማይለወጥ ነገር ማየት ራሱ ሽርሽር ነው።

ስንቁን የት እንክፈተው የሚለው ነው እኛን የሚያስጨንቀን። ሰው ፊት ብቻውን መብላት ያደግንበት አይደለም፤ ባዕድ አጠገብ ተቀምጦ “እንብላ” ሳይሉ መጉረስ ጉሮሮ ይይዛል። የምግብ መደብሮቹ ጠረጴዛ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ የገዛኸውን አሳየኝ የሚልህ የለም፤ ከአምስት ሰዓት በፊት ወይም ከስምንት ሰዓት በኋላ ከሄድክ ጥላ ያለው ወንበር አታጣም። እኛ የምንወደው አኒማል ኪንግደም የተባለውን ነው፤ በ1998 የተከፈተውን። እዚያ ሐራምቤ የምትባል መንደር አለች፣ የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከተማ ትመስላለች፤ የሠሯት ሰዎች የኬንያዋን ላሙ ከተማ አይተው ነው። ግድግዳው ሆን ተብሎ ተልጧል፤ ጽሑፉ ሆን ተብሎ ደብዝዟል፤ አዲስ ነገርን ለማስረጀት የወጣው ወጪ ያስገርማል። የሚሸጠው ምግብ የአፍሪካ ቅመም ነካ ነካ አድርጎታል፤ በፓርኩ ደግሞ እንስሳቱን እንዳይጎዳ ብለው ለስላሳውን ያለ ፕላስቲክ ክዳን ይሰጡሃል። እማማ በዚያች የውሸት አፍሪካ ጥላ ሥር የእውነቱን ጥቅል እንጀራ ፈተው ሲያጎርሱን፣ አጠገባችን የነበሩ አንዲት ሴት ጎንበስ ብለው “ይሄን የትኛው ሱቅ ነው የሚሸጠው?” ብለው ጠየቁ። እማማ ምን እንዳሉ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው፤ ቆርሰው ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ይሉኝታው ለቀቀኝ።

ከጠረጴዛው ላይ የሚጠላው አንድ ነው፤ ወፉ። ረጅም አፍ ያላቸው ነጫጭ አይቢሶች በጠረጴዛዎቹ መካከል እንደ ቆጣሪ ይዞራሉ። ዳቦ ካዩ ይሉኝታ የላቸውም፤ ወዲያው አፍ ነው የሚሰነዝሩት።

ስንቅ ያዝኩ ብሎ ምንም አለመግዛትም አያስኬድም፤ ለዚያ ኦርላንዶ ድረስ መውረድ አያስፈልግም ነበር። ፈጣን ምግብ ቤቶቹ ውስጥ የልጆች ምግብ አዋቂም ቢያዝ ማንም አይጠይቅም፤ መጠኑ ለእማማ ዓይነት ሰው ልክ ነው፤ መጠጡም አብሮት ነው። የአዋቂው ድርሻ ደግሞ ለሁለት ይበቃል። በትልቁ ማዕድ ቡፌ ላይ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወላጁ ሰሃን በነፃ ይበላል። የፈንዲሻ ባልዲው አንዴ ከተገዛ መልሶ መሙያው ርካሽ ነው፤ ባልዲው ግን ቤት ሲገባ የት እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ አስቡ። ከገጸ ባሕርያቱ ጋር የሚበላው ውድ ገበታ ለእኔ አያዋጣም፤ ሚኪ ጠረጴዛ ሲደርስ ልጆቹ አፋቸው ምግቡን ይረሳዋል፤ ሰሃኑ ሳይነካ ይመለሳል። ሚኪን ለብቻ ተሰልፎ ማቀፍ ነፃ ነው። በአንዱ ማታ ግን ሌላ ነገር ይደረግ። ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለ፤ አንድ ሰፊ ትሪ ለመላው ቤተሰብ፣ አንድ ሒሳብ፤ በጾም ሰሞን በያይነቱን የት ፈልጌ አገኘዋለሁ ብሎ መጨነቅ የለም።

ለጾመኛ ፓርኩም ውስጥ መንገድ አለ። ከ2019 ወዲህ ዲዝኒ ወርልድ ከዕፅዋት ብቻ የተሠራውን ምግብ በምናሌው ላይ በቅጠል ምልክት ይለያል፤ እማማ እንግሊዝኛውን ሳያነቡ በጣታቸው ቅጠሏን ፈልገው ያዛሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማጂክ ኪንግደም ውስጥ አሎሃ አይል የተባለው ቤት የሚሸጠው የአናናስ አይስክሬም፣ ዶል ዊፕ ነው። ነጠላ አናናሱ ወተት የለበትም። ከቫኒላ ጋር የተቀላቀለውን ካልወሰድክ ጾም አያፈርስም። በሁዳዴ አጋማሽ፣ በዚያ ሙቀት፣ አያትና የልጅ ልጅ ከአንድ ዓይነት አይስክሬም አብረው ሲበሉ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

እሱን ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ግዙለት። ለሁለት ልጅ በሁለት ማንኪያ ማካፈል ቁጠባ አይባልም፤ ያ የዓይን ረኀብ ነው፣ በእኩሌታ አይጠፋም። ስንቁ፣ ነፃው ውሃ፣ የኪሲሚው ምድጃ ሁሉ የተደከመላቸው ለእሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ልጁ የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲያነሳ፣ እባካችሁ ዋጋውን ወደ ብር አትመንዝሩበት።